ገንዘብ የማይሰጥ ልጅ ምን ይሰጣል? የቻይና አዲስ ዓመት ዘጠኝ ቀን በጓንግዡና በሻንቶው

በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ አዲስ ዓመት ሲገባ ልጅ ከዚህም ከዚያም በቀይ ፖስታ ገንዘብ ይቀበላል። እሱ ግን ለማንም ገንዘብ አይሰጥም። ደንቡ ያገባ ላላገባ እንዲሰጥ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶት ያላገባ ሰው እንኳን ከባለትዳር ጓደኛው ፖስታ ይቀበላል። ስለዚህ ልጅ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ የሚፈራው ነገር አለ፤ ልጁ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እጁን ዘርግቶ እንዳይመለስ። ቤቱን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን ለልጅ የተተወ ብዙ የመስጠት ሥራ እንዳለ ያስተውላል። መንደሪኑ፣ ጣፋጩ፣ የሻይ ስኒውና ሰላምታው የሱ ድርሻ ነው።

ማስታወሻው የ2018ቱን በዓል (እንደ አውሮፓ 2026) ቀን በቀን ይከተላል። የፈረስ ዓመት የገባው ማክሰኞ የካቲት 10 ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ጓንግዡ ቀጥታ በረራ ስላለ፣ በንግድም በትምህርትም እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስላሉ፣ የቻይና ወዳጅ ቤት ለበዓል መጠራት ብርቅ አይደለም። በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው በዋዜማቸው፣ ሰኞ የካቲት 9 ነበር፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ በየቦታው እናነሣለን።

ቀን 1፦ ዓርብ፣ የካቲት 6

የመጀመሪያው ሥራ ባንክ ነው። “ላይ ሲ” ውስጥ የሚገባ ኖት አዲስ መሆን አለበት። ላይ ሲ ቀዩ ፖስታ በካንቶንኛ፣ በጓንግዡ ቋንቋ፣ የሚጠራበት ስም ነው፤ በአገሪቱ የጋራ ቋንቋ በማንዳሪን ሆንግ ባኦ ይሉታል። የታሸ ኖት የሰጠ ሰው “አስቤበት አይደለም” እንዳለ ይቆጠራል። ባንኮች ለበዓሉ አዲስ ኖት ያዘጋጃሉ፤ ቶሎ የሚያልቀው ባለ 10ና ባለ 20 ዩዋኑ ነው። የመንግሥት ዕረፍት ከየካቲት 8 እስከ 16 ስለነበረ፣ ዓርብን ያሳለፈ ሰው ለቅዳሜው ሰልፍ ይዳረጋል።

ጓንግዶንግ በትንሽ ላይ ሲ የታወቀ አገር ነው። ባለ 5ም ባለ 10ም ዩዋን ነውር የለበትም፤ ቁም ነገሩ ማንንም አለመዝለል ነው። ለአንድ ቤተሰብ 30 ፖስታ ባለ 10 እና 10 ፖስታ ባለ 20፣ በድምሩ 500 ዩዋን፣ ለሕንፃው ጥበቃ፣ ለጽዳት ሠራተኞች፣ ለጎረቤት ልጆችና ላላገቡ የሥራ ባልደረቦች ይበቃል። ለጋባዡ ቤት ልጆች ለየብቻ ባለ 100 ይዘጋጅላቸዋል። አራት ቁጥር ያለበት መጠን አይገባም፤ አራት የሚለው ቃል ሞት ከሚለው ጋር በድምፅ ይቀራረባል። ነጭ ፖስታም የለቅሶ ነው።

ማሸጉን ለልጁ ይተዉለት። ጠባቡ የካንቶን ፖስታ ኖቱ አንድ ጊዜ ካልታጠፈ አይቀበልም፤ ስለዚህ ልጁ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ እያደረገ ያጥፋል፣ ያስገባል፣ ይቆጥራል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንደኛው ባለ 10ውና ባለ 20ው መቀላቀሉ ነው፤ መፍትሔው በሁለት ዓይነት ፖስታ መለየት፣ ለምሳሌ የፈረስ ሥዕል ያለበትን ለባለ 20 ማድረግ ነው። ሁለተኛው ባዶ ፖስታ መታሸጉ ነው፤ ይህ ለሰጪው ትልቅ ኀፍረት ስለሚሆን እያንዳንዱን ከመክደን በፊት በአውራ ጣት ዳብሶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሚወጣውን 500 ዩዋን በገዛ እጁ ያሸገ ልጅ፣ ኋላ የሚቀበለው ፖስታም ከሌላ ሰው ኪስ የወጣ መሆኑ ይገባዋል። በዊቻት፣ በስልክ የመልእክት መተግበሪያው፣ የሚላክ ቀይ ፖስታ ይህን አያስተምርም፤ ልጁ የሚያየው የስልክ መስተዋት ብቻ ነው። ለልጅ ሲሆን ወረቀቱ ይሻላል።

ቀን 2፦ ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ወጥ ቤት። ያው ጎክ በጥልቅ ዘይት የሚጠበስ፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ጣፋጭ ነው፤ ሳምቡሳ የጠቀለለ እጅ አይቸግረውም። በባህሉ ሊጡ የአሳማ ስብና እንቁላል ይገባበታል። ጾመኛም ሙስሊምም እንዲበላው 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 120 ግራም የአትክልት ዘይትና 150 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ሊጡ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። መሙያው 200 ግራም ተቆልቶ የተደቆሰ ለውዝ፣ 50 ግራም የተቆላ ሰሊጥና 100 ግራም ስኳር ነው።

ሊጡ በሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ይዳመጥና በብርጭቆ አፍ ይቆረጣል። በእያንዳንዱ ክብ ላይ የሚገባው አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው። ልጅ ሁልጊዜ ማብዛት ስለሚፈልግ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ መሙያው ሲበዛ ጠርዙ አይገጥምም፣ ዘይት ውስጥ ይከፈታል፣ ስኳሩ ወጥቶ ያርራል፣ ዘይቱ ይጠቁርና ቀጥሎ የሚገባው ሁሉ መራራ ይሆናል። ጠርዙ በጣት ከተጫነ በኋላ እንደ ገመድ እየተጠማዘዘ ይታጠፋል። ዘይቱ መካከለኛ ሙቀት ላይ ይሁን፤ ቁራጭ ሊጥ ሲጣልበት ቀስ ብሎ እየተንተከተከ ከወጣ ደርሷል። መጥበሱ የአዋቂ ሥራ ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ቆርቆሮ ውስጥ ከገባ በእንፋሎቱ ይለሰልሳል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ ከተከደነ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

ልጁ ያማሩትን መርጦ ለሰው የሚሰጠውን ዕቃ ይሞላል፤ የተሰነጠቁት ለቤት ይቀራሉ። የሚከብደው ምርጫው ነው። አዋቂ ካልቸኮለና ካልተቆጣ ልጁ ራሱ ይደርስበታል።

ቀን 3፦ እሑድ፣ የካቲት 8

የአበባ ገበያ። በጓንግዡ ከአዲስ ዓመት በፊት ባሉት ቀናት “በአበባ ጎዳና መራመድ” ለቤተሰብ ሁሉ ግዴታ የሚመስል ልማድ ነው። ስመ ጥሩው ገበያ በዩዌሺዩ ወረዳ፣ በሺሁ ጎዳና ይቆማል። የኮክ አበባ ቅርንጫፍ፣ ናርሲሰስ፣ በድስት የተተከለ የኩምኳት ዛፍ አለ። ኩምኳት ጣት የምታህል ብርቱካን ናት፤ በካንቶንኛ ስሟ ከ“መልካም ዕድል” ጋር ይመሳሰላል። በዛፉ ላይ የሚንጠለጠለው ትንሽ ቀይ ፖስታ ብዙውን ጊዜ ለጌጥ ብቻ ነው፤ ልጁ እንዳይበጥሰው አስቀድሞ ይነገረው። ፍሬውም ለጌጥ የለማና መድኃኒት የተረጨበት ስለሆነ አይበላም።

ለልጁ 50 ዩዋን በእጁ ይሰጠውና ለጋባዡ ቤት አንድ ነገር እንዲመርጥ ይደረግ። ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በወረቀት ነፋስ ወፍጮ ላይ ነው፤ ልጅ ሁሉ በዚያ ገበያ የሚይዘው እሱን ነው። ወፍጮው ከወላጅ ኪስ ይገዛለት፤ 50ው የሌላ ሰው ስጦታ ሆኖ ይቆይ። ሁለቱን ገንዘብ ካደባለቁ ልጁ ለሰው መስጠት ከራሱ መጫወቻ ላይ መቀነስ ይመስለዋል፤ በዚህ ዕድሜ ያ ቂም ይተክላል። የመጨረሻው ሌሊት ሻጮች ያላቸውን ለመጨረስ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ግን መጨናነቁ ለልጅ አይመችም። እሑድ ጠዋት ይሻላል።

የማይገዛውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሰዓት አይሰጥም፤ “ሰዓት መስጠት” የሚለው አነጋገር “ሟችን መሸኘት” ከሚለው ጋር አንድ ድምፅ አለው። ጃንጥላ ከመበታተን ጋር ይገጥማል። ፒር የተባለው ፍሬም መለያየት ከሚለው ቃል ጋር አንድ ድምፅ ነው። በቻይና ስለ ልግስና ለልጆች የሚነገረው የታወቀ ታሪክ ግን የፒር ታሪክ ነው። እንደ አውሮፓ በ153 ዓ.ም. ገደማ የተወለደው ኮንግ ሮንግ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ፒር ሲቀርብ ትልልቁን ለወንድሞቹ ትቶ ትንሹን አነሣ ይባላል። ጋባዡ ቤት ይህን ታሪክ ለልጁ ቢያነሣለት አይገርምም፤ ለበዓሉ የሚወሰደው ግን መንደሪን ነው።

ቀን 4፦ ሰኞ፣ የካቲት 9፤ ዋዜማ

ከሁሉ የሚበልጠው እራት የዛሬው ነው፤ ሩቅ ያለ ሁሉ ለዚህ እራት ብሎ ይመጣል። ጥሪው አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ልጁ በር ላይ ስጦታውን በሁለት እጁ ይሰጣል፤ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ሆኖ የተሰጠ ነገር እንዳልተሰጠ ነው። አጠራሩም ከወዲሁ ይለማመድ። እኛ “ጋሼ”፣ “እትዬ” እንደምንለው ሁሉ፣ ለአባት እኩያ “ሹሹ”፣ ለእናት እኩያ “አዪ”፣ ለሽማግሌው “የየ”፣ ለአሮጊቷ “ናይናይ” ይላል። ያለ መጠሪያ የመጣ “ሺን ኒየን ኳይ ለ” (መልካም አዲስ ዓመት) ባዶ ሰላምታ ነው።

ማዕዱ ላይ ሙሉ ዶሮ፣ ሙሉ ዓሣ፣ ሰላጣና የደረቀ ኦይስተር (በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ይቀርባል። ዓሣው ተጠራርጎ አይበላም፤ “ዓሣ” እና “ትርፍ” አንድ ድምፅ ስለሆኑ ለነገ ይተርፋል። ጾመኛ ቤተሰብ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት “ቺ ሱ” (ከእንስሳ ውጤት የጸዳ ምግብ እንበላለን) ብሎ ለጋባዡ ይናገር። በዕለቱ መናገር የቤቱን እመቤት የሦስት ቀን ድካም ማሳነስ ይሆናል። አትክልቱም ሁሉ ጾም አይደለም፤ የኦይስተር ሶስና የዶሮ መረቅ ይገባበታል። ቶፉ፣ እንጉዳይና በነጭ ሽንኩርት ብቻ የተጠበሰ ጎመን ብሎ ለይቶ መጥቀስ ይቀላል።

ጉርሻን የሚያውቅ ልጅ ማዕዱ ላይ የሚሆነውን ወዲያው ይረዳል። እዚህ አያጎርሱም፤ የሚወዱትን ሰው ሳህን ይሞላሉ። የዶሮዋ እግር ከመካከል ይነሣና ልጁ ሳህን ላይ ያርፋል። ልጁም በተራው ለናይናይዋ ቁራጭ ቶፉ ወይም ለስላሳ የዓሣ ሥጋ ያነሣላታል። የሚነሣው ግን በራሱ ቾፕስቲክ አይደለም፤ ከሳህኑ አጠገብ በተቀመጠው የጋራ ቾፕስቲክ ነው። ልጅ ቾፕስቲክ ካላወቀ ማንኪያ ይጠይቅ፤ መንገድ ላይ ከመጣል ይሻላል። የአሮጊቷ ሳህን ውስጥ የገባው ቶፉ ተሰባብሮ ቢሆን እንኳን እሷ ሳትበላው አትቀርም።

ከእራት በኋላ ወላጆች ለልጆቻቸው ያሱይ ቺየን ይሰጣሉ፤ በዋዜማው ሌሊት ትራስ ሥር የሚያድር ገንዘብ ነው። ክፉ መንፈስን ከልጁ እንዲከላከል ታስቦ የቆየ ልማድ ነውና እንደ ተራ የኪስ ገንዘብ አይታይም።

ቀን 5፦ ማክሰኞ፣ የካቲት 10፤ የዓመቱ መጀመሪያ

ብዙ የካንቶን ቤተሰብ ዛሬ ሥጋ አይነካም፤ ጾመኛ እንግዳ ከሁሉ ቀን ይልቅ የሚመቸው ይህ ነው። ቤት አይጠረግም፤ ሀብቱ ተጠርጎ እንዳይወጣ።

ላይ ሲ የሚፈስበት ቀንም ይኸው ነው። ልጁ መጀመሪያ ይመርቃል፣ ቀጥሎ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ከዚያ “ዶ ጄ” ይላል። በካንቶንኛ ሁለት ምስጋና አለ፤ በር ለከፈተ፣ መንገድ ለለቀቀ “ም ጎይ”፣ ስጦታ ለሰጠ “ዶ ጄ”። ለፖስታ “ም ጎይ” ያለ ልጅ ያሥቃል፣ አያስቀይምም። የሚያስቀይመው ሰጪው ፊት መክፈት ነው። ከዚህ የባሰ ችግር የለም ማለት ይቻላል፤ የፖስታው ውፍረት ሰውን መመዘኛ የሚሆነው ሲከፈት ነውና። ዚፕ ያላት ትንሽ ቦርሳ ለልጁ ይዞ መሄድ ፈተናውን ይቀንሳል። ልጆች እየሣቁ “ጉንግ ሄይ ፋት ቾይ፣ ላይ ሲ ዳው ሎይ” (ሀብት ይግባልህ፣ ፖስታዬን ወዲህ በል) ይላሉ፤ ይህ ለቅርብ ዘመድ የሚሆን ቀልድ ነው። እንግዳ ልጅ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይበል።

በእንቁጣጣሽ የእኛ ልጅ መጀመሪያ የአበባ ሥዕሉን ይሰጣል፣ ከዚያ ሳንቲም ይቀበላል። ይህንኑ እዚህ መቀጠል ይቻላል። ወላጅ ለጥበቃው ፖስታውን ሲሰጥ፣ ልጁ ያው ጎኩን ወይም ሁለት መንደሪን ያቀርብለታል። በበዓሉ ሥራ ላይ የቀሩ ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ እነሱ በር ይጠብቃሉ። ልጁ የሚጎበኘው የመጀመሪያው ሰው የሕንፃው ጥበቃ ቢሆን መልካም ነው።

የአንበሳ ጭፈራ ካለ ልጁ አንድ ፖስታ ለአንበሳው አፍ ያቀርባል። በውስጡ ያለው ጨፋሪ ፖስታውን ይወስድና የተሰቀለውን ሰላጣ ቀነጣጥቦ ወደ ሕዝቡ ይበትናል። ቅጠሉ ጭንቅላቱ ላይ ያረፈበት ሰው ዕድለኛ ነው።

ቀን 6፦ ረቡዕ፣ የካቲት 11

ያገቡ ሴቶች ልጆች ከነባላቸው ወላጆቻቸውን የሚጠይቁበት ቀን ነው። የውጭ እንግዳ ጉብኝት አጭር ይሁን፤ አንድ ሰዓት ይበቃል። ክብ የጣፋጭ ሣጥን ይቀርባል፤ ውስጡ የሎተስ ዘር፣ የዱባ ፍሬ፣ በስኳር የደረቀ ኮኮናት ይኖራል። ልጅ አንድ ወይም ሁለት ይወስዳል። በእፍኝ የዘገነ ልጅ ከኋላው የሚመጣውን እንግዳ ድርሻ ወሰደ።

ቀን 7፦ ሐሙስ፣ የካቲት 12

በካንቶኖች ዘንድ ሦስተኛው ቀን ለጭቅጭቅ የተጋለጠ ነው ስለሚባል ሰው ቤት አይኬድም። ለመንገድ ግን ይሆናል። በፈጣን ባቡር ወደ ሻንቶው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ትኬት ከ15 ቀን በፊት ይከፈታል፣ በዚህ ወቅት ወዲያው ያልቃል። ከ6 ዓመት እስከ 14 ያልሞላው ልጅ በቅናሽ ይጓዛል፤ ከ6 በታች የሆነ አንድ ልጅ ከአዋቂ ጋር ያለ መቀመጫ በነፃ ይሄዳል። የልጁም ፓስፖርት በእጅ ይሁን።

ቀን 8፦ ዓርብ፣ የካቲት 13፤ ሻንቶው

ሻንቶውና ቻውዡ ያሉበት የቻውሻን ምድር በነጋዴዎቹ የታወቀ ነው፤ የጓንግዡ ጅምላ ሻጭ ብዙው የዚህ አገር ሰው ነው። የልግስናው ትምህርት የሚጠናቀረውም እዚህ ነው።

ቤት ሲኬድ ጥንድ መንደሪን ይወሰዳል፤ “ዳ ጂ”፣ ታላቅ ዕድል ይባላል። ልጁ በሁለት እጁ ሁለቱን ያቀርባል። ባለቤቱ ተቀብሎ ያስቀምጣል። ጨዋታው አልቆ እንግዳ ሲነሣ ባለቤቱ ከራሱ ሣህን ሌላ ሁለት መንደሪን አንሥቶ ለልጁ ይመልሳል። ልጁ በዚያ ጥንድ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዳል። ስድስት ቤት የዞረ ልጅ ማታ ሁለት መንደሪን ይዞ ይገባል፤ ከቤት ይዞ የወጣቸው ግን አይደሉም። ጎረቤት ምግብ የላከችበትን ሳህን ባዶውን መመለስ የሚከብዳት እናት ይህን ለልጇ ለማስረዳት ብዙ አትቸገርም። ችግር የሚመጣው ልጁ መንገድ ላይ አንዱን ልጦ ሲበላ ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር አይቀርብም። ለመብል የሚሆን ሁለት ትርፍ በሌላ ኪስ ይያዝለት። የተጎዳ ወይም የለሰለሰ ፍሬም ጠዋት ይለይ።

ከዚያ ሻይ ነው። ጎንግ ፉ ሻይ የሚቀዳው ሰው አራትም ይሁን ሰባት በሦስት ስኒ ነው። ክዳን ባለው 110 ሚሊ ሊትር ያህል ሸክላ ውስጥ ከ7 እስከ 8 ግራም ፊኒክስ ዳንኮንግ የተባለ የሻይ ቅጠል ይገባል። የፈላ ውሃ ይጨመርበትና የመጀመሪያው ይደፋል፤ ሁለተኛው ይጠጣል። ሦስቱ ስኒዎች ጠርዝ ለጠርዝ ተነካክተው ይቀመጣሉ። አንዱን ሞልቶ ወደ ሌላው መሄድ የለም፤ እጁ ሳይቆም በሦስቱ ላይ ይዞራል፣ ይዞራል። “ጓን ዩ ከተማውን ሲቃኝ” ይሉታል፣ በጥንቱ የጦር አለቃ ስም። መጨረሻ ላይ የቀረው ወፍራሙ ጠብታ ነው፤ እሱም “ሃን ሺን ወታደሩን ሲቆጥር” ተብሎ ለእያንዳንዱ ስኒ ጠብ፣ ጠብ ይደረጋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ የወረደው ቀጭን፣ መጨረሻ የወረደው ወፍራም ስለሆነ፣ በተራ ከተሞላ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ምሬት ይደርሰዋል። ልጁ አፍንጫውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጎ የሦስቱን ቀለም ያስተያይ፤ ተመሳሳይ ቢጫ ከሆኑ ቀጂው አውቆበታል።

ሸክላው ጣት ያቃጥላልና መቅዳት ለልጅ አይሰጥም። የሱ ሥራ “ጂያ ዴ” (ሻይ ይጠጡ) እያለ እንግዳውንና ሽማግሌውን ማስቀደም ነው። በአቦል፣ በቶና፣ በበረካ ስኒ ያዳረሰ ልጅ አካሄዱን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ የስኒው ቁጥር ማነሱ ነው። ሦስቱ ሲጠጡ ሌሎቹ ይጠብቃሉ፣ ስኒው በፈላ ውሃ ይለቀለቃል፣ ቀጣዩ ዙር ይቀዳል። የቀዳው ሰው መጨረሻ ይጠጣል። ልጁም ከቀጂው ጋር ይጠብቅ።

ቀን 9፦ ቅዳሜ፣ የካቲት 14

መመለሻ። ፖስታዎቹ የሚከፈቱት ቤት ተገብቶ፣ በር ተዘግቶ ነው፤ የሚችል እስከ ፋኖስ በዓል፣ እስከ የካቲት 24 ያቆያቸዋል። በእያንዳንዱ ጀርባ የሰጪው ስም በእርሳስ ይጻፍ፤ ለዚያ ቤት ልጅ በዓመቱ የሚመለሰው በዚህ ይታወቃል። “ላስቀምጥልህ” ብሎ መውሰድ በቻይናም የታወቀ የወላጅ ዘዴ ነው፤ ሕጉ ግን የልጅ ንብረት ለልጁ ጥቅም ካልሆነ በአሳዳጊ እንዳይነካ ይከለክላል። ልጁ እያየ ይቆጠር፣ በስሙ ይቀመጥ፣ ጥቂቱ በእጁ ይቅርለት።

ከሻንቶው የመጡት ሁለት መንደሪኖች ልጣጫቸው ሳይደርቅ መበላት አለባቸው። ልጁ ይላጣቸው፣ ፍልቃቂዎቹን ይቁጠር፣ ቤት ላሉት ያድርስ።